የመስቀል ወፍ የት ይሰነብታል?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወዲህና ወዲያ በገበዝ ማርያም ገጠር፣ ሜዳው አደይ ለብሶ በሚታይበት ወራት፣ ከረዥሙ ሣርና ከበቆሎው አገዳ ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ ወፍ ብቅ ይላል። ጥቁር ላባው ላይ እሳት የመሰለ ቀይ ወይም ብርቱ ቢጫ ደርቦ ይታያል። የአገሩ ሰው የመስቀል ወፍ ይለዋል። መስቀል አልፎ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ግን ይጠፋል። ከስንት አንዴ ብቅ የሚልን ዘመድ «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» ብሎ መውቀስ የመጣው ከዚሁ ነው።

ከብት የምትጠብቅ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እናስብ። ይህን ወፍ በሚገባ ታውቀዋለች። ጎጆውን የት እንደሚሠራ፣ ሲበር እንዴት ብድግ ቁጭ እንደሚል፣ ከጭልፊት ለመሸሽ የት እንደሚገባ ከማንም በላይ የምትናገረው እርሷ ናት። አንድ ቀን ግን አንድ ጥያቄ ከልቧ ይገባል። ወፉ ከመስቀል በኋላ የት ይሰነብታል? እናቷን ብትጠይቅ «ወደ አገሩ ነዋ የሚሄደው» ትላታለች። አያቷን ብትጠይቅ «ልጄ፣ ለመስቀል የላከው መልሶ ይወስደዋል» ይሏታል። መምህሯን ብትጠይቅ፣ መምህሩ ስድሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ዐይኑን ወደ መማሪያ መጽሐፉ ይጥላል፤ መጽሐፉ ስለ ወፎች ቢናገር እንኳ ስለዚህኛው ወፍ የሚለው ነገር የለም። ጥያቄው በዚህ ያበቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እርሷም ለታናሽ እኅቷ «ወደ አገሩ ነዋ የሚሄደው» ትላለች።

እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ወፉ የትም አይሄድም። ያ የሚያንጸባርቅ ልብስ የወንዱ የሠርግ ልብስ ነው። ዝናቡ ጠግቦ፣ ሣሩ ረዝሞና ፍሬ ይዞ ለጫጩት የሚሆን ምግብ ሲትረፈረፍ፣ ወንዱ ሴቲቱን ለመማረክና ተቀናቃኙን ለማራቅ ላባውን ይቀይራል። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ጌጡን አራግፎ እንደ ሴቲቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናል። ከዚያም ከመንጋው ተቀላቅሎ፣ ከአውድማው ዳር ጥሬ እየለቀመ፣ በልጅቷ ዐይን ፊት በጋውን ሙሉ ይከርማል። ጠፋ የተባለው ወፍ ከቤቷ ደጃፍ አልራቀም፤ ያላወቀችው ልብሱን ስለ ለወጠ ብቻ ነው።

ይህን ለመናገር የፈጀው አንድ አንቀጽ ነው። አንዲት ሥዕል ቢታከልበት ከአንድ ገጽ አያልፍም። ሆኖም ያች አንድ ገጽ ከልጅቷ እጅ አልደረሰችም። የልጆች ሥነ ጽሑፍ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ተረትን ነው፤ ተረትም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በዐይን የሚታየውን፣ በእጅ የሚዳሰሰውን ዓለም ሳይዋሽና ሳያሰለች ለልጅ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሌላ ሙያ፣ ሌላ ደራሲም ይፈልጋል። የዚህ ደራሲ ወንበር በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ለብዙ ዘመን ባዶውን ቆይቷል።

ወንበሩ ባዶ የሆነው የሚጻፍለት ልጅ ወይም የሚጻፍበት ጉዳይ ጠፍቶ አይደለም። ለዚህ ፍኖተ ሰላም ራሷ ምስክር ናት። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት በዚህችው ከተማ ነው። እንደ ማንኛዋም የገበሬ ልጅ ዘርተዋል፣ አርመዋል፣ እንጨት ለቅመዋል፣ ውሃ ቀድተዋል፣ የእርሻውን ምርት ገበያ አውጥተው ሸጠዋል። እኩዮቻቸው በልጅነት ሲዳሩ እርሳቸውን ከዚያ ያዳናቸው እምቢተኛነታቸው መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። የአንበጣ መንጋ ወርዶ የመንደሩን ሰብል ጠራርጎ ሲበላ ማየታቸውም በአእምሯቸው ተቀርጾ ቀረ። ሌላው «ቁጣ ነው» ብሎ ያለፈውን ነገር እርሳቸው ጥያቄ አድርገው ያዙት፤ ይህ ነገር ከየት ይመጣል? በምንስ ይመለሳል?

ያ ጥያቄ ረዥም መንገድ አስኬዳቸው። ከአካባቢያቸው ሴቶች ቀድመው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ከዚያም በአሜሪካ ስለ ዕፀዋት በሽታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1989 ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከ1992 እስከ 2007 በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ኢሲፔን፣ በዋና ዳይሬክተርነት መምራት ጀመሩ፤ እስከ 2023ም መሩት። ይህን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት ኬንያዊው ሊቅ ቶማስ ኦዲያምቦ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሎሬያልና ዩኔስኮ በጋራ ለሴት ሳይንቲስቶች ከሚሰጡት ሽልማት የአፍሪካና የዐረብ አገሮቹን የተቀበሉት እኒሁ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው።

ዶክተር ሰገነት ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ብራኪያሪያ የሚባለው ሣር ነው። የዚህ ሣር ወገን መነሻው አፍሪካ ነው። ባሕር ተሻግሮ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ፤ በዚያ ተሻሽሎ የሰፊ የከብት ግጦሽ መሠረት ሆነ። ሳይንቲስቷ በሣሩ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩትን፣ በዐይን የማይታዩትን፣ ነገር ግን ሣሩን በሽታና ድርቅ እንዲቋቋም የሚረዱትን ረቂቃን ተሕዋስያን መረመሩ። በኋላም ወደ ናይሮቢ ሲመለሱ የተሻሻለው ሣር ወደ ትውልድ አህጉሩ ተመልሶ ለአፍሪካ ገበሬ መኖ እንዲሆን ከጣሩት ዋነኛዋ ሆኑ። የሄደ ሣር ተመለሰ። ለልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን ዓይነት ታሪክ አለ? ጀግናው ሣር ነው፤ ጉዞው ውቅያኖስ ያቋርጣል፤ ምሥጢሩ በሣሩ ሆድ ውስጥ ተደብቋል፤ ምሥጢሩን ከፈቱት አንዷ ደግሞ በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ከብት በሚግጥበት አገር ያደገች ልጅ ናት። ከተረት የሚለየው እውነት መሆኑ ብቻ ነው።

ኢሲፔ በሚያስተምረው አንድ የእርሻ ዘዴ ላይም ሌላ መጽሐፍ ሊጻፍ ይችላል። አገዳ ቆርቁር የሚባለው ትል በቆሎውን ከውስጥ ሲበላ፣ አቀንጭራ ደግሞ ከሥሩ ተጣብቆ ሲመጠው የጎጃም ገበሬ ሁለቱንም በሚገባ ያውቃቸዋል። በበቆሎው መስመር መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል ቢዘራ ሽታው የአገዳ ቆርቁሩን እናት ያባርራታል፤ ከሥሩ የሚያወጣው ቅመምም አቀንጭራውን ያመክነዋል። በእርሻው ዙሪያ የሚተከለው ሣር ደግሞ የተባረረችውን ወደ ራሱ ይስባታል። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይስባል። ይህን በሚገባ ቃል የተነገረው የአሥር ዓመት ልጅ ማታ ለአባቱ ያወራዋል፤ አባትም በማግስቱ እርሻውን በሌላ ዐይን ያየዋል።

ያየውን መጠየቅ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ከአገር መውጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ከተማ ወንዝ ዳር ቆመው ሳለ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ቀንድ አውጣው ደግሞ የብልሃርዝያን ጠንቅ ተሸካሚ ነው። ከዚያች አንዲት እይታ ዓለም ያወቀው ምርምር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። እንዶድን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም፤ ልብሱ የታጠበበት ነው። ከዚያ ፍሬ ጀርባ ያለውን ይህን ታሪክ ግን ስንቱ ሰምቶታል?

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለእኛ አገር አዲስ ነገር ነው» ቢል ይሳሳታል። ስለ ተፈጥሮ የሚናገር መጽሐፍ በዚህ ምድር ላይ ሥሩ ጥልቅ ነው። ስለ አራዊት፣ ስለ አዕዋፍና ስለ ድንጋዮች ጠባይ የሚተርከው ፊሳልጎስ ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው በጥንት ዘመን ነው። ባሕረ ሐሳብም የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስልቶ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣ የቁጥር ጥበብ ነው። ፊሳልጎስ የሚናገረው በዛሬ ሚዛን ሁሉም እውነት አይደለም፤ ለነፍስ ምሳሌ እንጂ ለምርምር አልተጻፈምና። ይሁን እንጂ አባቶች አንበሳውንና ርግቢቱን በመጽሐፍ መመርመር የሚገባቸው ፍጥረቶች አድርገው ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ገበዝ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት፣ አልባሳትና መጻሕፍት ጠባቂ ማለት ነው። የመጽሐፍ ጠባቂን ማዕርግ በስሟ የተሸከመች መንደር ለልጆቿ መጽሐፍ ማጣቷ ያሳዝናል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ ከበደ ሚካኤል «ታላላቅ ሰዎች»ንና በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን የጻፉት የኢትዮጵያ ወጣት የዓለምን እውነተኛ ታሪክ በገዛ ቋንቋው እንዲያነብ ብለው ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ እስከ 15 ሲደርስ፣ ፊደል የቆጠረው ገበሬ እንዳይረሳ ስለ ጤናና ስለ ግብርና ቀለል ያሉ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተውለት ነበር። ልጆችን በተመለከተ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆች ወዳሉበት ወሰዱ። ብሩክታዊት ጥጋቡም ፀሐይ በተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ልጆችን አስተምራለች። እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ጅምሮች ናቸው። ነገር ግን ቴሌቪዥን መብራት ይሻል፤ የአህያው ጋሪም ቢሆን የሚጭነው መጽሐፍ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል።

አንዲት እንዲህ ያለች መጽሐፍ ምን ልትሠራ እንደምትችል ለማሳየት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ይበቃል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1791 እንግሊዝ አገር ከድኃ ቀጥቃጭ ተወለደ። ቀጥቃጭን ማናናቅ የቆየ ነውራችን ስለ ሆነ ይህ ቃል ሊሰመርበት ይገባል፤ የዓለምን ኑሮ ከለወጡት ሰዎች አንዱ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገባና የሚጠርዘውን ሁሉ ማንበብ ጀመረ። ከእነዚያ መካከል ጄን ማርሴት የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1806 ያሳተመችው ስለ ኬሚስትሪ የሚናገር መጽሐፍ ነበረ። አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየጠየቀችና እየተጠየቀች የምትጨዋወትበት መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ በመጀመሪያው ኅትመት ላይ ስሟን እንኳ አላሰፈረችም። ያ ጠራዥ ልጅ በመጽሐፉ ያለውን በገዛ እጁ እየሞከረ አረጋገጠ፤ ከዚያም ሳይንስን ሙያው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማሽን ሁሉ የቆመበት ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የዓባይ ግድብ ላይ የሚሽከረከረው ተርባይን፣ ከሰከላ ግሽ ዓባይ የመነጨውን ውሃ ወደ ብርሃን ሲለውጥ፣ በዚያው ሕግ ነው።

ፋራዳይም ውለታውን አልረሳም። አርጅቶ፣ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ በገና ሰሞን ልጆችን ሰብስቦ ስለ አንዲት ሻማ ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። ሻማዋ ስትነድ ሰሙ የት ይሄዳል? ነበልባሉ ለምን ቅርጹ እንዲህ ሆነ? ቀዝቃዛ ነገር ከነበልባሉ በላይ ቢያዝ የሚያወርደው ጤዛ ከየት መጣ? በእጁ የነበረው ሻማ ነው፤ በገበዝ ማርያም ቤት ያለው ደግሞ ኩራዝ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው። የላምባው መጠን በየሌሊቱ የሚቀንሰው የት እየሄደ ነው? ልጅ በኩራዝ ብርሃን መጽሐፍ ያነባል እንጂ ኩራዙን ራሱን እንዲያነብ ያስተማረው የለም። ስለ ኩራዝ የሚጻፍ የሳይንስ መጽሐፍ መሞከሪያ ክፍል አያስፈልገውም፤ መሞከሪያው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ለደራሲው የሚነገር አንድ ነገር አለ። ይህን ዓይነት መጽሐፍ ለመጻፍ የተነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በቃል ነው። አንዱ የእንግሊዝኛውን ስም እንዳለ ያጉራል፤ ሌላው ብርሃን አስተፃምሮ የሚለውን ቃል በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጥልና ልጁን ከደጃፍ ይመልሰዋል። ቃሉ መጥፎ አይደለም፤ ጊዜውን ጠብቆ ይምጣ። አስቀድሞ ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ምግቡን ሲያበስል ይታይ፤ ስሙ በኋላ ይከተል። ገበሬው ራሱ ያላወጣው ስም ጥቂት ነው። ተምች፣ ምስጥ፣ ግሪሳ፣ አቀንጭራ፣ ዋግ የሚሉት ቃላት የአንድ ሕዝብ የዘመናት ምርምር ናቸው። የልጆች የሳይንስ ደራሲ መጀመሪያ የሚቀመጠው ከዚህ ሊቅ እግር ሥር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሳይንሱ ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ልጅ፣ ነገሩን አስቀድሞ በእናቱ ቋንቋ ካወቀው አዲሱን ቃል መማር ብቻ ይቀረዋል፤ ካላወቀው ግን ቃሉንም ነገሩንም በአንድ ቀን እንዲሸከም ይገደዳል፤ ብዙውም ሸክሙን ጥሎ ይመለሳል።

ደራሲው ከሁሉ በላይ ሊጠብቀው የሚገባ እውነትን ነው። አያት «ለመስቀል የላከው መልሶ ይወስደዋል» ሲሉ በአያትነታቸው ሊናቁ አይገባም፤ ወፉ የሚያብበት ወራት ከመስቀል ጋር መግጠሙን በሚገባ አስተውለዋልና። መጽሐፉ የአያትን አስተውሎት ያከብራል፤ ከዚያም አንድ እርምጃ ይጨምርበታል። ያልታወቀውንም «ይህ ገና አልታወቀም፤ ምናልባት አንቺ ታገኚው ይሆናል» ብሎ ለልጅቷ ይተውላታል። ሁሉን አውቃለሁ የሚል መጽሐፍ ጠያቂን ዝም ያሰኛል።

ጉዳዩ ለነገ የማይባልበትም ምክንያት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ምዕራብ ጎጃም ይህን ክፉ ዕጣ ከቀመሱት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ጥቁር ሰሌዳው አቧራ በለበሰበት መንደር ልጅ ማደጉን አያቆምም፤ መጠየቁንም አያቆምም። ከብቱን ይዛ ሜዳ የምትወርደው ልጅ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ዕድሜዋ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃትም ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ሳይሆን ጋብቻ ነው። የሚዘጋ በር የሌለው ትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። በጉያ ይያዛል፤ በአንድ ማንበብ የሚችል ወንድም አማካይነት ለአምስት ልጆች ይነበባል። መጽሐፍ መምህርን አይተካም፤ መምህሩ እስኪመለስ ድረስ ግን ጥያቄው እንዳይሞት ያደርጋል።

እንግዲህ ደራሲው ብዕሩን፣ ሠዓሊው ቀለሙን፣ መምህሩ ከልጆቹ አፍ የሰማውን ጥያቄ፣ የባህል ሠራተኛውም ማሳተሚያውንና ማድረሻውን ይዞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጥ የመጀመሪያዋ መጽሐፍ ከባድ አትሆንም። ሠላሳ ገጽ ትበቃለች። ርእሷ አንበጣ አይታ ስለ ጠየቀችው የፍኖተ ሰላም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሄደውና ስለ ተመለሰው ሣርም ሊሆን ይችላል። ወይም ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ስለዚያ ወፍ ይሁን።

ምክንያቱም መልሱ ከልጅቷ ሩቅ አይደለም። ጥቅምት ሲጋመስ ከአውድማው ዳር ከሚለቅመው ቡናማ መንጋ መካከል ዐይኗን ሳትነቅል ብትመለከት አንድ ነገር ታያለች። ከወፎቹ አንዱ ግማሽ ልብሱን ያወለቀ ነው፤ ደረቱ ላይ ገና ጥቂት ጥቁር ላባ፣ ትከሻው ላይ ገና ጥቂት ቀለም ቀርቶበታል። ያች ልጅ ያንን ወፍ ብታየው የት እንደሚሰነብት ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። የሚያስፈልጋት «ቆይ፣ ደግመሽ እዪው» የሚላት አንድ ገጽ ብቻ ነው።